ስም ሌላ፣ ዘር ሌላ

በሆሳዕና መናኸሪያ ረዳቱ «ዱራሜ፣ ዱራሜ፣ የሞላ!» እያለ ሲጣራ፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ሁለት ዘመዳሞች ጎን ለጎን ይታሰራሉ። አንዱ ከአርባ ምንጭ የመጣ ሙዝ ነው። ሌላው ከእንሰት የተሠራ፣ በኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ የተጠፈረ ቆጮ ነው። የሙዙ ፍሬ ይበላል፤ እንሰቱ ግን ግንዱ ተፍቆ፣ ከአፈር በታች ያለው አሚቾው ተከትክቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ነው ምግብ የሚሆነው። ሁለቱን ማሳ ላይ ቆመው ያየ እንግዳ ሰው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል።

መልክ ዝምድናን ይጠቁማል፤ ያሳስታልም። የሌሊት ወፍ ክንፍ ስላላት የርግብ ዘመድ አትሆንም፤ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት። ዓሣ ነባሪ መልኩ ዓሣ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል የቅርብ ዘመዱ ግን ጉማሬ ነው። ስምም እንደ መልክ ያሳስታል። አንድ ተክል በአንዱ ወረዳ አንድ ስም፣ በጎረቤቱ ወረዳ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ መቼ እንደተለያየና በየት በኩል እንደተጓዘ ለማወቅ ከመልክም ከስምም አልፎ ዲኤንኤን ማንበብ ያስፈልጋል።

ታሪኩ የተጻፈበት ክር

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ሰውም ይሁን እንሰት፣ ከህዋሳት የተሠራ ነው። በህዋሳቱ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል እጅግ ቀጭን ክር መሰል ነገር አለ። ክሩ የአራት ኬሚካሎች ድርድር ነው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒን እና ሳይቶሲን ይባላሉ። ባለሙያዎች እያንዳንዳቸውን በአንድ ፊደል ስለሚወክሏቸው የዲኤንኤ ፊደላት ማለት የተለመደ ነው። ህዋሱ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚወስነው የፊደላቱ ቅደም ተከተል ነው። በሰው ላይ ይህ ድርድር ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ በእንሰት ደግሞ 547 ሚሊዮን ገደማ።

ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ድርድሩ እንዳለ ይገለበጣል። ግልበጣው እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት ቢሆንም አልፎ አልፎ አንድ ፊደል በሌላ ይተካል። አንድ ሕፃን ሲወለድ በእናቱም በአባቱም ላይ ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይመጣል። አብዛኞቹ አይጎዱም፣ አይጠቅሙም፤ ግን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ይወርዳሉ።

የጥንት ብራናዎችን የሚመረምሩ ሰዎች ይህን መንገድ ያውቁታል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ቃል ቢዘል፣ ከእሱ ቅጂ የተገለበጡት ሁሉ ያንኑ ቃል ይዘላሉ። ስለዚህ ተመሳሳይ ስሕተት ያለባቸው ብራናዎች ከአንድ ምንጭ እንደተቀዱ ይታወቃል። ዲኤንኤም የሚነበበው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሁለት ፍጥረታት አንድ ዓይነት ለውጥ አንድ ቦታ ላይ በብዛት ከተጋሩ ያንን ለውጥ ያወረሳቸው የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ማለት ነው። የማይጋሩት ለውጥ ሲበዛ ደግሞ ከተለያዩ የቆዩ ናቸው። ዕድሜያቸው በሌላ መንገድ የታወቁ ቅሪተ አካላት ሲታከሉበት ልዩነቱን ወደ ዓመት መመንዘር ይቻላል። ሰውና ቺምፓንዚ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ከመቶ ፊደል 99 ያህሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኘውና የሁለቱ መስመር የተለያየው ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው የሚባለው በዚህ ስሌት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ግን ልዩነቱ ሳይሆን አንድነቱ ነው። ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠሩ ፕሮቲን የሚሠሩበት ሕግ በሰው፣ በእንሰትና በባክቴሪያ ላይ ከጥቂት ልዩነት በቀር አንድ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሕይወት ያለው ሁሉ ከአንድ ሥር መጣ ለማለት ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች ይህ ቀዳሚው ነው።

እንሰትና ሙዝ

ወደ መኪናው ጣሪያ እንመለስና፣ እንሰትና ሙዝ በእርግጥም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። እዚህ ላይ መልክ አላሳሳተም። ነገር ግን መንትዮች አይደሉም። እንሰት 18 ክሮሞዞም አለው፤ የዱር ሙዝ 22። ገበያ ላይ የምናገኘው ዘር የሌለው ሙዝ አብዛኛው ሦስት እጥፍ ሆኖ 33 ክሮሞዞም ይይዛል፤ ዘር የማያፈራውም በዚህ የተነሳ ነው። ሙዝ ለማዳ የሆነው በደቡብ ምሥራቅ እስያና በአካባቢው ደሴቶች ነው። እንሰት ግን እዚሁ አፍሪካ የበቀለ ነው፤ የዱሩ ዓይነት እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። ለምግብ ብሎ ያለመደው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

የሙዝ የዲኤንኤ ድርድር እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በእንግሊዝ የሚገኘው የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የእንሰትን የመጀመሪያ ረቂቅ ድርድር አወጡ። ከዚያ ወዲህ በወቅቱ በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ዘሪሁን የማታውና ባልደረቦቻቸው የ17 እንሰቶችን ድርድር እ.ኤ.አ. በ2018 ለተመራማሪዎች ይፋ አድርገዋል። ሃያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ለዘመናት ከሳይንስ ዓይን ርቆ ቆይቶ ነበርና ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ዲኤንኤው ካሳያቸው ነገሮች አንዱ የጓሮ እንሰትና የጫካ እንሰት የተለያዩ ጎራዎች መሆናቸው ነው። ምክንያቱን የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጫካው እንሰት የሚራባው በዘር ነው፤ አንድ ጊዜ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞታል። የጓሮው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚፋቅ ከጫካው ጋር የመዳቀል ዕድሉ ጠባብ ነው። የሚራባው በሰው እጅ ነው። ገበሬው የጥቂት ዓመት እንሰት ነቅሎ ግንዱን ከአሚቾው በላይ ይቆርጠዋል። የአሚቾውን እምብርት ፈልፍሎ ያወጣና ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ይቀብረዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በርካታ ቡቃያ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ፣ ይፈላል። እነዚያ ቡቃያዎች ሁሉ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። አንድ ጎበዝ ገበሬ ያቆየው ዝርያ ከመቶ ዓመት በኋላም በልጅ ልጆቹ ጓሮ ያው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

146 ስም፣ ስንት ዘር?

እንዲህ ከሆነ የዝርያዎቹ ስም አስተማማኝ መዝገብ መሆን ነበረበት። ገበሬዎች እንሰትን በቅጠል አጥንቱ ቀለም፣ በግንዱ ቁመት፣ በቆጮው ጣዕም፣ በቃጫው ጥንካሬ ይለያሉ፤ ለተሰበረ አጥንት የሚታዘዘውን ዓይነት ለብቻ ያውቁታል። ነገር ግን ቡቃያ በጋብቻ፣ በስጦታና በገበያ ከአገር አገር ይዞራል። አዲስ ቀዬ ሲደርስ አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ቋንቋውም ይለወጣል።

አልማዝ ነጋሽ፣ አድማሱ ጸጋዬና ሁለት የኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን ፈተኑት። ከከፋና ሸካ፣ ከሲዳማ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የተሰበሰቡ 146 እንሰቶችን ዲኤንኤ አነጻጸሩ። በውጤቱም 58ቱ በ21 ቡድን ተጠቃለሉ፤ በአንድ ቡድን ያሉት በተጠቀሙበት ዘዴ እርስ በርሳቸው ሊለዩ አልቻሉም። ሒሳቡ ሲሠራ 146 የተባለው ወደ 109 ይወርዳል።

ውጤቱን በሁለት በኩል ማየት ይቻላል። ስም በዝቷል፣ ዘሩ ግን ከስሙ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ያለ ማጉያ መነጽር፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ በዓይንና በእጅ ብቻ ከተለዩት ዘሮች ሦስት ሩብ ያህሉ በእርግጥ የተለያዩ ሆነው መገኘታቸው የገበሬዎቹን ዕውቀት የሚያስከብር ነው።

ለምን ያስፈልጋል ይህ ሁሉ? ስንዴና ገብስ ዘራቸው በቀዝቃዛ ክፍል በፖስታ ሊቀመጥ ይችላል። እንሰት ግን በቁሙ፣ በማሳ ላይ ነው የሚጠበቀው። መሬትና ጉልበት ይበላል። አንዱን ዘር በሦስት ስም ሦስት ቦታ ተክሎ፣ የትም የሌለውን ብርቅ ዘር መዝለል ኪሳራ ነው። የትኛው መጠበቅ እንዳለበት ለመምረጥ ዲኤንኤ ይረዳል።

አጠውልግ ከየት መጣ?

የእንሰት ገበሬ ከምንም በላይ የሚፈራው አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ነው። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ጫፉ ይጠወልጋል፤ ቢጫ ይሆንና ይታጠፋል። የቅጠሉን እግር ቆርጠው ትንሽ ቢጠብቁ ከቁስሉ ቢጫማ ልጋግ ይወጣል። ያ ልጋግ በሚሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ነው። በቢላዋ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ይዛመታል፤ በታመመ ችግኝም በመኪና ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ ይሻገራል።

ይህን ባክቴሪያ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉ ከባልደረባቸው ብራድበሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለቱ በሽታው ሙዝንም እንደሚይዝ ጻፉ። ለረጅም ጊዜ ከኢትዮጵያ ውጭ ሳይሰማ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን በኡጋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ የሙዝ ማሳዎችን ማውደም ጀመረ፤ ቀጥሎ ወደ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ቡሩንዲ ገባ።

ባክቴሪያው ከጊዜ በኋላ የተመደበው ከጎመን አበስባሽ ባክቴሪያ ጋር ነበር። ዲኤንኤው ሲነበብ ግን የቅርብ ዘመዱ ማሽላንና በቆሎን የሚያጠቃ ሌላ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም የተነሳ የሳይንስ ስሙ ተለወጠ። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአንድን ጠላት ዘመድ ማወቅ ሌላ ምን ተክል ሊያጠቃ እንደሚችልና ከየት እንደፈለሰ ለመገመት ያስችላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ ሁለት መስመር ታየ። የኢትዮጵያ፣ የሩዋንዳና የኮንጎ ናሙናዎች በአንድ ወገን፣ የኡጋንዳ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የቡሩንዲ ደግሞ በሌላ ወገን ተሰለፉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ከአንድ ምንጭ ከተነሳ ብዙ እንዳልቆየ ይናገራል። ወረርሽኙ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መንገድ ብቻ ተስፋፋ የሚለው ቀላል ታሪክም ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ቀበሮ የተባለው ተኩላ፣ ሁለት ወላጅ ያለው ቡና

የስምና የዘር መለያየት በዱር እንስሳትም አለ። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ሕዝቡ ቀበሮ ብሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን ከቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላ የቀረበ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ቁጥሩ 500 ገደማ የደረሰው ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ዝምድና ሁልጊዜ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተለያየ ብቻ አይሄድም። በመናኸሪያው ጀበና ውስጥ የምትፈላው ቡና ለዚህ ምስክር ናት። የእኛ ቡና 44 ክሮሞዞም አላት፤ ሌሎቹ የቡና ዓይነቶች 22 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ የሆነው ሁለት የተለያዩ የቡና ዓይነቶች በተፈጥሮ ተዳቅለው የሁለቱም ሙሉ ድርድር በአንድ ተክል ውስጥ ስለቀረ ነው። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ዛሬ ሮቡስታ እያልን የምንጠራው ነው። ድቅሉ የተፈጠረው ከ610,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ሰው ቡና መቁላት ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ስለ ሰውስ?

ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ፣ በጋሞ ደጋ፣ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሻው በተደረገ ቁፋሮ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጽም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በአካባቢው ቋንቋ ባይራ አሉት፤ በኩር ማለት ነው። ዲኤንኤ በሞቃት አገር ቶሎ ይበሰብሳል። የዋሻው ቅዝቃዜና የውስጥ ጆሮ አጥንት ጥንካሬ ግን የባይራን ጠብቀው አቆዩት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ድርድሩ ታተመ፤ ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው ሙሉ ድርድሩ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር።

ባይራ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ከማንም ይልቅ የሚቀርበው በደቡብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩት አሪዎች ነው። የብዙዎቹ የዛሬ ኢትዮጵያውያን ዲኤንኤ ከመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ የመጣ ድርሻ አለው፤ ይህ ድርሻ የገባው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ይገመታል። በባይራ ላይ ግን የለም፤ እሱ የኖረው ከዚያ በፊት ነውና። ተመራማሪዎቹ ይህ ፍልሰት መላ አፍሪካን አዳርሷል ብለው ጽፈው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በኮምፒውተር ስሌቱ ላይ ጉድለት አግኝተው ራሳቸው አረሙት፤ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ውጤት ጸና፣ ስለ መላው አህጉር የተባለው ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥናት ስለ እኛ ብዙ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ሥራ ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ዲኤንኤ መረመረ። በቋንቋ የሚቀራረቡ ሕዝቦች በጥቅሉ በዘርም ተቀራረቡ። ነገር ግን የቋንቋ ቤተሰባቸው የሚለያይ ሆኖ ዲኤንኤያቸው በጣም የሚመሳሰል ሕዝቦችም ተገኙ፤ ይህም ከቅርብ ጊዜ መቀላቀል የመጣ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ባህል ያላቸውም እርስ በርስ ይበልጥ ተቀላቅለዋል። በቋንቋ ወይም በክልል መስመር የሕዝብን ዘር ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ይህን ማንበብ ይኖርበታል።

የሐዲያንና የከምባታን ሕዝብ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው ግን የአሪ አንጥረኞች ጉዳይ ነው። በአሪ ብረት ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ለዘመናት አይጋቡም ነበር። ቀደም ያለ ጥናት የአንጥረኞቹን ዲኤንኤ ለብቻው ተለይቶ አገኘው፤ አንዳንዶችም አንጥረኞቹ ሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው፣ ገበሬዎቹ ኋላ መጥተው አገኟቸው ብለው ተረጎሙት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን በሌላ የስሌት ዘዴ መረመረና ሁለቱም ወገኖች አንድ ምንጭ እንዳላቸው፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አሳየ። አንጥረኞቹን የተለዩ ያስመሰላቸው መገለላቸው ነው። ጥቂት ሆነው እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ዲኤንኤያቸው እየተመሳሰለ ሄደ፤ ከጎረቤታቸውም እየራቀ ሄደ። ልዩነቱ የመገለል ውጤት ነው እንጂ የመገለል ምክንያት አልነበረም።

በሐዲያና በከምባታም ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉና ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖች አሉ። በማዕድ ተለይተዋል፤ በጋብቻ ተለይተዋል፤ ቀብራቸው ሳይቀር የተለየባቸው ዘመን ነበር። ቆጮው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጡ የሚሠራበት ድስት፣ እንሰቱ የሚቆረጥበት ቢላዋ ከእነሱ እጅ ነው የሚወጣው። ለመለየታቸው የሚሰጠው ምክንያት «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚል ነው።

ዲኤንኤ የማይነግረንም አለ። ማን ምን ቋንቋ እንደተናገረ፣ ማን ምን እንዳመነ፣ ድንበር የት ላይ እንደሚሰመር አይናገርም። ማን እንደሚበልጥ ደግሞ ፈጽሞ አይናገርም፤ ዝምድናን ይቆጥራል እንጂ ማዕረግ አይሰጥም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከሩቅ ወረዳ ችግኝ የምታስመጣ ከሆነ ከየትኛው ጓሮ እንደወጣ ጠይቅ፤ የእንሰት ቢላዋህንም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሻገርህ በፊት በእሳት ለብልበው። አያትህ ያቆዩትን ዘር ሌላ ቦታ በሌላ ስም ይገኛል ብለህ አትንቀል፤ ላይገኝ ይችላልና። ለልጅህ ጋብቻ ሲመጣ «የእነሱ ዘር ሌላ ነው» የሚል ሽማግሌ ቢነሳም ማስረጃውን ጠይቀው። በአሪ አንጥረኞች ላይ የተገኘው ማስረጃ የሚለው የእሱን ተቃራኒ ነው።